ጀርባ የሚያሰጥ ሥራ

እኔ ወሬ ማሳጠር ነው የምወደው። ይሄን ግን ላሳጥረው ብል አልሆነልኝም። ለጓደኞቼ በሁለት ቃል ስነግራቸው «እና ከዚያስ?» እያሉ መልሰው ያፋጥጡኛል። ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ ጊዜ ካላችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ ጊዜ ከሌላችሁ ደግሞ ሲኖራችሁ ተመለሱ።

የሻረግ እባላለሁ። የላይ ጋይንት ልጅ ነኝ። ቤታችን ከንፋስ መውጫ ከተማ ጫፍ፣ መንገዱ ወደ ገጠሩ መውረድ በሚጀምርበት በኩል ነው። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ የመልቀቂያ ፈተናው አልሳካ ብሎኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ተቀምጬ ነበር ስል ለወጉ ነው እንጂ እኔ መቀመጥ አልችልም። ጠዋት ገበያ፣ ከሰዓት ጓደኛ ቤት፣ ሲመሽ ደጅ ላይ ወዲህ ወዲያ። እናቴ «እግርሽ ሥር እሳት አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር። ከክፍሌ ልጆች ብዙዎቹ ዓረብ አገር ሄደዋል። እኔም ልቤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ነበር።

የቀረውን ግማሽ ልቤን የያዘው አንድ ነገር ነው፤ ትራምፔት። ከተማችን የወጣቶች ማርሽ ባንድ አለው። በዓል ሲሆን፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሕንፃ ሲመረቅ የሚጫወተው ባንድ ማለቴ ነው። አሠልጣኛችን አሥር አለቃ ደመቀ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ያገለገሉ፣ ትልቁን ከበሮ ለማንም የማይሰጡ ሰው። እኛን የሚመሩን በከበሮውና በፊሽካቸው ነበር። ፊሽካው ሲነፋ እንጀምራለን፣ ከበሮው ሁለቴ ጠንከር ብሎ ሲመታ እናቆማለን። ከፊታችን ቆሞ እጁን የሚያንቀሳቅስ ሰው አይተን አናውቅም።

አባቴ ገበሬ ነው፤ በሰፈራችን ሲጣሉ የሚጠሩት፣ ሲታረቁ ከፊት የሚያስቀምጡት ሽማግሌ። ትራምፔት መንፋት እንደጀመርኩ ከሰማበት ቀን ወዲህ ስለዚያ ነገር እኔን አያናግረኝም። የሚያናግረው እናቴን ነው፣ እኔ እየሰማሁ።

«ጉንጯን ወጥራ በአደባባይ! ከዚህ ቤት አዝማሪ አይወጣም።»

«አዝማሪ እኮ ማሲንቆ ነው የሚመታው» ብዬ ስመልስ እናቴ በዓይኗ ትቆነጥጠኛለች።

እንዲህ እያለን አንድ ወሬ መጣ። አንድ ዩኒቨርሲቲ የባንድ ትምህርት ክፍል ከፍቷል፤ ከየአካባቢው ባንድ ወጣቶች ወስዶ የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ መምራትን ሊያሠለጥን ነው። ማደሪያም ምግብም አለው። የመልቀቂያ ፈተና ውጤት አይጠይቅም። አሥር አለቃ የኔን ስም ሰጡ።

«ለምን እኔን?» አልኳቸው።

«አፍሽ ስለማያርፍ። ዝምተኛ መሪ ማን ይሰማዋል?»

የባንድ ትምህርቱ ኃላፊ ራሳቸው መጥተው ሊያዩኝ እንደሆነ ተነገረን። አርብ ጠዋት ሁላችንም ከምንለማመድበት አዳራሽ በር ላይ ተሰልፈን ጠበቅን። መኪናው ሲቆም አሥር አለቃ ደረታቸውን ነፍተው ወደ ፊተኛው በር ሄዱና ለወረደው ረጅም ሰው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡ።

«እንኳን ደህና መጡ መምህር!»

ሰውየው ደነገጠ። «ኧረ እኔ ሾፌር ነኝ ጋሼ።»

ከኋላው በር አንዲት አጭር ሴትዮ በስፖርት ጫማ ወረዱ። «መምህሯ እኔ ነኝ፤ ሰብለ እባላለሁ» አሉ። «ሰላምታው ግን ለሱ ይገባዋል። በጋሳይ ስናልፍ በዚያ ሁሉ ጭጋግ ውስጥ መንገዱን በአፍንጫው እያሸተተ ነው ያመጣኝ።»

ሳቅ ሆነ። አሥር አለቃም ለማስተካከል ብለው እንደገና ሰላምታ ሰጡ፤ የባሰ ሳቅን።

መምህርት ሰብለ መጀመሪያ የምናውቀውን ማርሽ አጫወቱን። እጃቸውን አጣምረው ሰሙና «ጥሩ ነው። ለዚህ መሪ አያስፈልጋችሁም፣ ከበሮው ይበቃችኋል» አሉ። የአሥር አለቃን ፊት ያኔ ማየት ነበረባችሁ፤ የተሾሙ ነው የመሰሉት። ከዚያ ግን ሌላ ዜማ አወጡ። ዝግ ያለ ነው። ከበሮ የለውም። ክላርኔቱ፣ ትሮምቦኑና ቱባው ከጸጥታው ውስጥ እኩል መነሳት አለባቸው፤ ትራምፔቱ በኋላ ይከተላል።

ሰዓታት ወሰደብን ዜማውን ለመያዝ። ስንይዘው መምህርቷ «ነይ አንቺ ልጅ» ብለው ትራምፔቴን ተቀበሉኝና ከባንዱ ፊት አቆሙኝ። ምን እንደማደርግ ስለማላውቅ ሁለት እጄን አንስቼ አወረድኩ። ክላርኔቱ ገባ፣ ትሮምቦኑ ቀጠለ፣ ቱባው ቆይቶ መጣ።

«ይሄ እኩል መነሳት አይደለም» አሉ መምህርቷ። «ይሄ ከሚኒባስ መውረድ ነው። አንገትሽ ላይ ያለውን ስካርፍ ስጪኝ።»

ሰጠኋቸው። ሁለት እጄን ወደ ኋላ አድርገው በገዛ ስካርፌ አሰሩኝ።

«ወንጀሏ ምንድን ነው?» አሉ አሥር አለቃ ከከበሯቸው ጀርባ።

«እጇ ነው። በጣም ያወራል።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «እነዚህ ልጆች የሚጫወቱት በትንፋሽ ነው። አንቺ ስትተነፍሺ ይተነፍሳሉ። አንቺ ትንፋሽሽን ከያዝሽ ታፍነው ይቀራሉ። ሁሉንም በዓይንሽ ያዢያቸው፣ ከዚያ ልትዘፍኚ እንደምትነሺ አድርገሽ አየር ሳቢ።»

ዓይን ዓይናቸውን አየሁ፤ ከግራ እስከ ቀኝ፣ አንድም ሳይቀር። አየር ሳብኩ። ትከሻቸው በሙሉ አብሮ ሲነሳ አየሁ፤ እኔ ጎትቼ ያነሳሁት ነው የመሰለኝ። ድምፁ እንደ አንድ ሰው ድምፅ ወጣ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንባዬ ወረደ። እጄ ታስሮ ነበርና ፊቴን መጥረግ እንኳ አልቻልኩም።

መምህርት ሰብለ ፈቱኝና ፊት ለፊት ነገሩኝ። «ነገ የአዲሱ ትምህርት ቤት ምረቃ ላይ ይሄን ዜማ አንቺ ትመሪያለሽ። ፈተናሽ እሱ ነው። እኩል ካስነሳሻቸው ይዤሽ እሄዳለሁ። ካላስነሳሻቸው ቦታው ለሌላ ወረዳ ልጅ ነው። የቀረኝ የአንድ ሰው ቦታ ነው፤ እንዳትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም» አልኩ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነው የምወደው።

በእራት ሰዓት ለአባቴ ነገርኩት። እናቴ ዓይኗን እንጀራው ላይ ተከለች።

«አባዬ፣ ነገ ምረቃው ላይ ባንዱን የምመራው እኔ ነኝ።»

«ከወንዶቹ ፊት ቆመሽ?»

«ሴቶችም አሉበት።»

«እ…»

«ከተሳካልኝ ዩኒቨርሲቲ ይወስዱኛል።»

ጉርሻውን አስቀመጠ። «ለአዝማሪነትም ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ?»

«አባዬ፣ እኔ እኮ…»

«አልፈቅድም። በቃ። ነገ እመጣለሁ፤ የምመጣው ግን ለትምህርት ቤቱ ነው። ድንጋዩን በጫንቃዬ ተሸክሜ ነው ያሠራሁት።»

ተነስቶ ወጣ። እኔም በሆዴ «እንግዲያው ሁለት ፈተና ነው ያለብኝ» አልኩ። መምህርቷ ቢወስዱኝ እንኳ አባቴ «አይሆንም» ያለውን ረግጬ የምሄድ ዓይነት ልጅ አይደለሁም። አፌ ነው ደፋር።

ቅዳሜ ነፋሱ በጠዋት ተነሳ። የኖታ ወረቀታችንን በልብስ መቆንጠጫ ማቆሚያው ላይ አስያዝነው። ብርዱ ደግሞ የመሣሪያውን ድምፅ ስለሚያወርደው ሁላችንም ድምፅ ሳናወጣ ትኩስ ትንፋሽ እንነፋበት ነበር። ግቢው በሰው ሞልቷል። ድንኳኑ ሥር ከፊት በኩል ካህናቱና ሽማግሌዎቹ፣ ከጎን ባለሥልጣናቱ ተቀምጠዋል። ከካህናቱ መሐል እዚሁ ጋይንት ካለው ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት የመጡ አንድ መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ይታያሉ። ከሳቸው ቀጥሎ አባቴ፣ ነጭ ጋቢውን ተከናንቦ። ባንዱ ሜዳው ላይ ፊቱን ወደ ድንኳኑ አድርጎ ተደርድሯል።

ስሜ ተጠራ። ወጣሁና በባንዱና በድንኳኑ መሐል ቆምኩ። ወደ ባንዱ ዞርኩ። ያኔ ነው የገባኝ።

ጀርባዬ ለአባቶች ነው።

አዳራሹ ውስጥ ስንለማመድ ከኋላዬ የነበረው ግድግዳ ነበር። ይሄን ማንም አላሰበውም። መምህርቷ የከተማ ሰው ናቸው፤ አሥር አለቃ ዕድሜ ልካቸውን ከከበሮ ጀርባ የቆሙ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ማታውን ሙሉ ሳስብ የነበረው ስለ ትንፋሽ ነው። እኛ ዘንድ ከሽማግሌ ፊት ሲወጣ እንኳ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ነው። ለካህን ጀርባ መስጠት፣ ለገዛ አባት ጀርባ መስጠት፣ ያውም ሕዝብ ፊት! ጀርባዬን የሆነ ነገር የሚበላኝ መሰለኝ። አፌ ምንም ቢደፍር እግሬ የአባቴ ቤት እግር ነው። ሳላዘው ዞር አለ። በጎኔ ቆምኩ፤ አንዱ ትከሻዬ ወደ ባንዱ፣ አንዱ ወደ ሽማግሌዎቹ።

በዚያ አቋቋም ክላርኔቶቹን አያለሁ። ትሮምቦኖቹ ግን ከትከሻዬ ኋላ ቀርተዋል።

አየር ሳብኩ። ክላርኔቶቹ ገቡ። ትሮምቦኖቹ ፊቴን ሲፈልጉ ቀሩ። ቱባው ከእንቅልፉ እንደባነነ ሰው ዘግይቶ «ቡ!» አለ። አሥር አለቃ ልጆቻቸው ሲሰምጡ አይተው ዝም ማለት አልቻሉምና ፊሽካቸውን ነፍተው ከበሮውን ደለቁት። ግማሹ ባንድ ወደ ማርሹ ሄደ፣ ግማሹ ዝግ ያለው ዜማ ላይ ቀረ። ከዚያ ሁሉም በየተራ ጸጥ አለ። ሕዝቡ ሳቀ። የመድረክ አስተዋዋቂው ደግሞ የተጫወትነው ያለቀ መስሎት በድምፅ ማጉያው «ሞቅ ያለ ጭብጨባ ለባንዳችን!» አለ። ተጨበጨበልን። እንደዚያ ጭብጨባ የመረረኝ ነገር የለም።

መምህርት ሰብለ ከጎን መጡ። አልጮኹም።

«ትናንት አልነበረም እንዴ ያደረግሽው? ለምን ዞርሽ?»

«አባቶች ናቸው ቲቸር። ጀርባ አይሰጥም። አባቴም አለ።»

ወደ ድንኳኑ አዩ። ወደኔ አዩ። «እኔ ጀርባዬን እየሰጠሁ ስለኖርኩ ረስቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ላስብበት ይገባኝ ነበር፤ ጥፋቱ የኔም ነው። ግን ካላዩሽ አይነሱም። ሌላ መላ የለውም። አንዴ እንደገና እንድትሞክሪ እፈቅድልሻለሁ። ወይ ትዞሪያለሽ፣ ወይ እዚህ ላይ እንተወዋለን።»

መሸሽ አማረኝ። ሚኒባሱ መናኸሪያ ቆሟል፤ ከዚያ ዓረብ አገር፤ በቃ ማንም አያየኝም። እግሬ የሄደው ግን ወደ ድንኳኑ ነው። ከሽማግሌዎቹ ፊት ደርሼ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁና የመጣልኝን ተናገርኩ።

«አባቶቼ፣ ይሄ ሥራ ጀርባ የሚያሰጥ ሥራ ነው። እነዚያ ልጆች የሚጫወቱት በትንፋሽ ነው፤ ፊቴን ካላዩ እኩል መተንፈስ አይችሉም። አሁን ያያችሁት ለዚያ ነው። ንቄያችሁ አይደለም። ልዞር ነውና ፍቀዱልኝ።»

 ነፋሱ የድንኳኑን ጨርቅ ይመታል። አንዱ ሽማግሌ «ምን ትላለች?» ሲሉ ሌላው ጆሯቸው ላይ ደገሙላቸው። አባቴን ማየት ፈራሁ፤ ጫማውን ነበር የማየው።

ጫማው ተንቀሳቀሰ። ተነሳ። ሄደ፣ በቃ ጥሎኝ ሄደ አልኩ። ቀና ስል አባቴ የተቀመጠበትን የፕላስቲክ ወንበር አንስቶ ትከሻው ላይ አድርጎታል።

«ወዴት ነው?» አሉት ከጎኑ ያሉት።

«ልጄ ጀርባዋን ከምትሰጠኝ እኔ ልዙር።»

አስተዋዋቂው ድምፅ ማጉያውን እንደያዘ ሮጦ መጣ። «አባት፣ አባት፣ የክብር ቦታዎ እዚህ ነው፤ እዚያ ነፋስ ነው፣ ፀሐይ ነው፣ ጥላው…»

«ጥላውን አንተ ተቀመጥበት» አለው አባቴ። በድምፅ ማጉያው ግቢው ሁሉ ሰማ።

ሜዳውን አቋርጦ፣ ጋቢው በነፋስ እየተውለበለበ፣ ባንዱን ዞሮ ከቱባው ኋላ ወንበሩን ተከለና ተቀመጠ። ፊቱ ወደኔ።

መሪጌታው ሳቅ አሉ። «እኛስ ማኅሌት ስንቆም ፊት ለፊት አይደለም እንዴ? ነውር የለበትም» ብለው መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ወንበር የያዘ ወንበሩን፣ ያልቻለ በልጅ አሸክሞ፣ ያ የሽማግሌና የካህን መደዳ በሙሉ ከድንኳኑ ጥላ ወጥቶ ከባንዱ ኋላ ነፋስ ላይ ተቀመጠ። ድንኳኑ ሥር የቀሩት ባለሥልጣናቱ ናቸው። ለእነሱ ጀርባ መስጠት አልከበደኝም።

ተመልሼ ቆምኩ። አሁን ሁሉም ፊት በአንድ በኩል ነው፤ ክላርኔቶቹ፣ ትሮምቦኖቹ፣ ቱባው፣ ከኋላቸው አባቶች። አሥር አለቃ የከበሮውን ዱላ ብብታቸው ሥር አድርገው ጭምቅ አድርገው ይዘዋል፤ እንዳያመልጣቸው ነው መሰለኝ። ከግራ ጀምሬ አንድ በአንድ ዓይናቸውን ያዝኩ። መጨረሻ ላይ ዓይኔ አባቴ ላይ አረፈ። ከልቤ ሥር አየር ሳብኩ።

የባንዱ ትከሻ ተነሳ። የአባቴም ትከሻ አብሮ ተነሳ። እያወቀ ይሁን ሳያውቅ እስከዛሬ አልጠየቅሁትም።

ድምፁ መጣ። ሚኒባስ የለም፤ አንድ ሆኖ መጣ። ነፋሱ ሲነሳ እጄን ከፍ አደርጋለሁ፣ ይደግፉታል፤ ሲተኛ ዝቅ አደርጋለሁ፣ ይቀንሳሉ። ሲስቅ የነበረው ሕዝብ መቼ ዝም እንዳለ አላወቅሁም። መጨረሻው ላይ ጣቶቼን ስዘጋ ሁሉም እኩል ቆመ። የመጀመሪያው ጭብጨባ የተሰማው ቆይቶ ነው።

መምህርት ሰብለ ትከሻዬን ያዝ አደረጉና «ሰኞ በጠዋት። ወፍራም ብርድ ልብስ ያዢ» ብቻ አሉኝ። አሥር አለቃ ግን «ከበሮዬን ሳልመታ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄን ሊያመኝ ነው» እያሉ ላገኙት ሁሉ ያወሩ ነበር።

አባቴ ወንበሩን ተሸክሞ ወደ ቦታው ሲመልስ አጠገቤ ቆመ።

«ፊትሽ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እኔ እንጃ።» ጋቢውን አስተካከለ። «መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ሰኞ። አባዬ፣ እኔ አዝማሪ…»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ሰኞ በየትኛው ሰዓት?»

አንባቢዎቼ፣ ታሪኩ ይሄ ነው። ሥልጠናውን ከጨረስኩ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በረዳትነት አስቀረኝ። ዛሬ መምህርት ሰብለ ባንዱን ሲመሩ እኔ ከገጠር የመጡትን አዲስ ልጆች አስተምራለሁ። አንዳንዱን እጁን አስሬ አቆመዋለሁ፤ ወንጀሉ ምን እንደሆነ የሚጠይቅ አሥር አለቃ ግን የለኝም። ከአዳራሹ ወጥተን ሕዝብ ፊት ከመቆማችን በፊት ደግሞ ማን ከኋላቸው እንደሚቀመጥ እጠይቃቸዋለሁ። ከሲማዳ የመጣች አንዲት ልጅ «ቄሱ የንስሐ አባቴ ናቸው» ብላ ስትርበተበት ማንም አልሳቀባትም። ቦታ ቀየርን፤ አለቀ።

ስለዚያ ቅዳሜ ሳስብ የሚመጣብኝ ምስጋና ነው። እንደ አዋቂ እውነቱን ነግረውኝ፣ ስወድቅ ጥፋቱን ከኔ ጋር ለተካፈሉ መምህሬ። ከበሮአቸውን ሳይመቱ ለቆሙልኝ አሥር አለቃ፤ ለሳቸው ያ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ነፋስ ላይ ለተቀመጡት አባቶች። ለአባቴ።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፣ ምክር አድርጋችሁ ባትወስዱትም። ከአባቴ ጋር «አዝማሪ ነሽ»፣ «አይደለሁም» ስንባባል ነው የኖርነው። ሁለታችንም ምላሳችን ስለት ነው። ሥራው ምን እንደሆነ፣ እዚያ ስቆም ምን እንደሚያስፈልገኝ ግን ያን ቀን ድንኳኑ ሥር እስክናገር ድረስ ነግሬው አላውቅም። ስነግረው ወንበሩን አነሳ። እናንተም ቤት የሚከራከራችሁ ሰው ካለ፣ ክርክሩን ለአንድ ቀን ተዉትና የሚያስፈልጋችሁን ንገሩት። ላያነሳ ይችላል። ቢያንስ የሚያነሳው ምን እንደሆነ ያውቃል።

ሰሞኑን ባንዳችን አርብ ገበያ ወደምትባለው የጋይንት ከተማ ሄዶ ሊጫወት ነው፤ የምመራው እኔ ነኝ። ለአባቴ ደውዬ ነገርኩት። ምን እንደምንጫወት አልጠየቀኝም፣ መቼ እንደምንደርስም አልጠየቀኝም። እንዲህ ብቻ አለኝ፦

«ወንበሩን በየት በኩል ነው የሚደረድሩት?»